ስሙ የማይጠራ ወረርሽኝ፦ የኮሌራ ስያሜና የክትትል ክርክር ከጣና እስከ ባሕሪ

ኮሌራ በዓለም ላይ ሰባት ጊዜ ተነሥቶ ተዛምቷል። ሰባተኛው ዙር በ1961 ከኢንዶኔዥያ ተነሥቶ በ1970 አፍሪካ ደረሰ፤ እስከ ዛሬም አላከተመም። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በኢትዮጵያና በሱዳን በሽታው በረድ ብሎ ደጋግሞ ያገረሽበት ታሪክ ግን አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ለረጅም ጊዜ በስሙ አልተጠራም። በአዲስ አበባ «አተት» ተባለ። ከኸርጡምና ከኡምዱርማን ጋር የሱዳንን ሦስት ዋና ከተሞች በምታጠቃልለው፣ በጥቁር አባይ ሰሜናዊ ዳርቻ በተቆረቆረችው በባሕሪ ደግሞ «ኢስሃል ማኢ ሐድ» ተባለ።

ይህ ጽሑፍ የስያሜዎቹን ታሪክ ይከተላል። መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው፦ በሁለቱ አገሮች ወረርሽኙን ስለ መከታተልና ስለ መግታት የተነሣው ሕዝባዊ ክርክር የቃል ክርክር ይምሰል እንጂ፣ የተያዘው ጉዳይ ማን ይቆጠራል፣ ማንስ ክትባት ያገኛል የሚለው ነበር። ስለዚህም ጥያቄው ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም፤ የቋንቋ አጥኚም ድርሻ አለው።

1. ቀደምት ስያሜዎች

አማርኛ የሰውን ልጅ በጅምላ ለሚያጠቃ በሽታ የሚሆን ቃል አጥቶ አያውቅም። «ቸነፈር» እና «መቅሠፍት» ከሃይማኖት መጻሕፍት ወርሶ ይጠቀምባቸዋል። «ወረርሽኝ» ደግሞ «ወረረ» ከሚለው ግስ የመጣ በመሆኑ በሽታውን በጠላት ጦር አምሳል ያሳያል። «ፈንግል» የሚለው ቃል «ፈነገለ» ከሚለው፣ ገልብጦ መጣልን ከሚያመለክት ግስ ጋር ይዛመዳል። በቀደምት አጠቃቀም ሰውን በድንገት የሚጥለውን በሽታ፣ ኮሌራንም ጭምር፣ ያመለክት ነበር፤ በዛሬው አማርኛ ግን በአብዛኛው የዶሮ በሽታ ስም ሆኖ ቀርቷል።

የእነዚህ ቃላት የጋራ ባሕርይ በሽታውን ከሚያደርሰው ጉዳት አንጻር መሰየማቸው ነው። ሌላው መንገድ ጊዜን ይከተላል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው ኢንፍሉዌንዛ በሌላው ዓለም የአንድ አገር ስም ተለጥፎበት «የስፔን» ሲባል፣ በአማርኛ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት አዳዲስ በሽታዎች በአገርና በሕዝብ ስም እንዳይጠሩ መመሪያ ያወጣው በ2015 ነው፤ የአማርኛው ስያሜ ከዚህ መመሪያ ጋር የሚስማማውን መንገድ ከ90 ዓመት በላይ ቀድሞት ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠል ልማድም የዚያ ወረርሽኝ መታሰቢያ ሆኖ ይኖራል።

በዐረብኛ ተናጋሪው ዓለም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሌራ «አል ሀዋ አል አስፈር»፣ ማለትም «ቢጫው ነፋስ» ይባል ነበር። ስያሜው በሽታ በተበከለ አየር ይመጣል ከሚለው የዘመኑ እምነት ጋር ይስማማል። ይህ እምነት የሰዎችን እርምጃም ይመራ ነበር። በ1866 በጣና ዳር ቆራጣ ላይ የሰፈረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በኮሌራ ሲመታ፣ ንጉሡ በእጃቸው የነበረውን እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክን አማክረው ሰፈሩን ወደ ደጋው አነሡት። ምክሩ በዘመኑ እውቀት የተሰጠ ቢሆንም ሰውን ከተበከለው ውኃ ስላራቀ ጠቃሚ ነበር። በዚያው ዓመት በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤም ይህንኑ በሽታ በሐጅ መንገድና በቀይ ባሕር ላይ እንዴት መከታተል እንደሚቻል ይመክር ነበር። የኮሌራ ክትትል ከመጀመሪያው የጤናና የዲፕሎማሲ ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል።

2. ምልክት ወይስ በሽታ?

«ኮሌራ» በሁለቱም ቋንቋዎች የውሰት ቃል ነው። በተሕዋሲ ሳይንስ ዘመን ትርጉሙ ጠቧል፤ በቪብሪዮ ኮሌሬ ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ማለት ብቻ ሆኗል። በአንጻሩ «አጣዳፊ ውኃማ ተቅማጥ» የሚለው የሕክምና ሐረግ ምልክትን እንጂ በሽታን አይሰይምም። ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን ይህን ምልክት ያመጣሉ፤ ኮሌራ ከእነርሱ አንዱ ነው።

ምልክቱን በበሽታው ቦታ የመጥራት ልማድ የራሱ ምክንያት አለው። በ1969 የወጣው የዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አገሮች ኮሌራ ሲገባባቸው ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያስታውቁ ያስገድድ ነበር። ያስታወቁ አገሮች ግን ብዙ ጊዜ የንግድና የጉዞ እገዳ ጠበቃቸው። በ1991 ፔሩ፣ በ1997 መጨረሻም ዓሣ ወደ አውሮፓ ይልኩ የነበሩ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ይህን ቀምሰዋል። መደበቅም እንግዳ ነገር አልነበረም። በሴፕቴምበር 1970 ጊኒ ኮሌራ መግባቱን አላስታውቅ ስትል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ማርኮሊኖ ካንዳው የመንግሥቱን ፈቃድ ሳይጠብቁ ለዓለም ይፋ አደረጉት። በ2005 የተሻሻለውና በ2007 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ድርጅቱ ከመንግሥት ውጭ ከሚገኙ ምንጮች የሚመጣን መረጃ እንዲመለከት መብት የሰጠው ከእንዲህ ያለው ልምድ በኋላ ነው።

ምልክቱን መጥራት ይበቃል የሚሉ ወገኖችም የረባ መከራከሪያ አላቸው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ወረዳ ውጤት መጠበቅ ጊዜ ያባክናል። ሕክምናው ደግሞ ያው ነው፦ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጊዜ ማጠጣት፣ ለጠናበት በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት። ስሙ ምንም ቢባል በሽተኛው በዚሁ ይድናል።

ይህ ክርክር በአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ትክክል ነው። በመዝገብ ላይ ግን አይሠራም። በ2017 በወጣው ዓለም አቀፍ የክትትል መመሪያ መሠረት፣ የኮሌራ ወረርሽኝ ባልታወጀበት አካባቢ ተጠርጣሪ ሆኖ የሚመዘገበው ዕድሜው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ውኃማ ተቅማጥ ይዞት ሰውነቱ ክፉኛ የደረቀ ወይም በዚሁ የሞተ ሰው ነው። ወረርሽኙ ከታወጀ በኋላ ግን አጣዳፊ ውኃማ ተቅማጥ የያዘው ማንኛውም ሰው ይመዘገባል። በሽተኛው ያው፣ ምልክቱም ያው ሆኖ ሳለ የባለሥልጣኑ ቃል መዝገቡን ይለውጠዋል። የቋንቋ ፈላስፎች መናገር ራሱ ማድረግ የሚሆንበት ጊዜ አለ ሲሉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝላቸውም። «ኮሌራ ገብቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ያለውን ከመግለጽ አልፎ የመቁጠሪያውን ደንብ ያንቀሳቅሳል። የአፍ ክትባት ከዓለም አቀፉ የመጠባበቂያ ክምችት የሚጠየቀውም ለኮሌራ ነው፤ ለምልክት ክትባት የለም።

3. «አተት»

በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ ጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች የተዛመተው ወረርሽኝ፣ በኋላም በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አዲስ አበባ መድረሱ የተነገረው፣ በይፋዊ መግለጫዎች የተጠራው «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተብሎ ነው። ምህጻረ ቃሉ «አተት» ከራዲዮና ከቴሌቪዥን አልፎ በየግድግዳው በተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ ወጣ።

ሐረጉ ሲተነተን ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ የእንግሊዝኛው ቃል መሠረቱ «ስለታም» ሲሆን፣ አማርኛው «አጣዳፊ» በማለት ጥድፊያን አስገብቶበታል፤ ለሰሚው «ፈጥነህ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ» የሚል ስሜት ይሰጣል። ሁለተኛ፣ «ውኃማ» የሚለው ቅጽል ወድቆ በቦታው «ትውከት» ገብቷል። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። በክትትል መመሪያው ትውከት መስፈርት አይደለም፤ «ተቅማጥና ትውከት» ብሎ የሰማ ሰው ግን ሁለቱ እስኪገናኙ ሊጠብቅ ይችላል። ሦስተኛ፣ «ተቅማጥ» የሚለው ቃል ራሱ ከመቀመጥ ጋር የተያያዘና ከጥንት ጀምሮ ነውርን የሚሸፍን ጨዋ ቃል ነው፤ «አስቀመጠው» የሚለው አነጋገር ዝምድናውን ያሳያል። በተሸፈነ ቃል ላይ ሌላ መሸፈኛ ተደርቧል ማለት ነው።

አማርኛ የበሽታን ስም የማለዘብ የቆየ ልማድ አለው። «ቁምጥና» የሚለው ቃል «የሥጋ ደዌ» በሚለው እንዲተካ የተደረገው የታማሚውን ክብር ለመጠበቅ ነው። «አተት» ግን በዚህ ወገን አይመደብም። በዚህኛው ስያሜ ከለላ ያገኘው በሽተኛው ሳይሆን መግለጫውን የሚሰጠው አካል ነው። የማለዘቢያ ቃል ሲጠና ማን እንደሚጠበቅበት መጠየቅ ይገባል የሚባለው ለዚህ ነው።

ቃሉ ግን በተናጋሪው አፍ ላይ የራሱን መንገድ ሄደ። «በአተት ተያዘ»፣ «የአተት ታማሚ» መባል ተጀመረ። «ተያዘ» የሚለው ግስ አብዛኛውን ጊዜ ከበሽታ ስም ጋር የሚሄድ ነው። ምልክትን ብቻ እንዲገልጽ የወጣው ምህጻረ ቃል በሰዋስው ረገድ የበሽታ ስም ሆነ፤ በአገልግሎቱም የኮሌራ ምትክ ሆኖ ቆመ። ማስታወቂያው የደበቀውን ሰዋስው ገለጠው።

በ2017 ጸደይ ጉዳዩ ከአገር ወጣ። ከ2005 እስከ 2012 የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ቴዎድሮስ አድሐኖም ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ፣ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲው የሕግ ሊቅ ሎረንስ ጎስቲን በሥልጣን ዘመናቸው የኮሌራ ወረርሽኞች በሌላ ስም ተሸፍነዋል የሚል ክስ አነሡ። ጎስቲን የተፎካካሪው ዕጩ የዴቪድ ናባሮ አማካሪ ነበሩ። ቴዎድሮስ ክሱን ስም ማጥፋት ነው ሲሉ ተቃወሙ፤ ወረርሽኞቹ አጣዳፊ ተቅማጥ እንደ ነበሩ፣ በራቁ አካባቢዎችም የቤተ ሙከራ ምርመራ አዳጋች እንደ ነበር ተናገሩ። በሜይ 2017 ተመረጡ። ከአራት ወር በኋላ ያው ጥያቄ ከሱዳን በኩል ተነሣባቸው።

4. «ኢስሃል ማኢ ሐድ»

በኦገስት 2016 በከሰላና በጥቁር አባይ ክፍለ ግዛቶች የታየው ወረርሽኝ በ2017 ወደ ነጭ አባይና ባሕሪን ወደሚያጠቃልለው የኸርጡም ክፍለ ግዛት ደረሰ። እስከ 2018 መጀመሪያ ከ36,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ800 በላይ ሞተዋል። የኡመር አል በሺር መንግሥት በዚህ ሁሉ ጊዜ በሽታው «አል ኢስሃል አል ማኢ አል ሐድ» እንጂ ኮሌራ አይደለም እንዳለ ጸና። የሱዳን ሐኪሞች ማኅበራትና ተቃዋሚዎች ደግሞ ኮሌራ ነው ብለው ተከራከሩ። በሴፕቴምበር 2017 የአሜሪካ ሐኪሞች ቡድን ለቴዎድሮስ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ድርጅቱ በሽታውን በስሙ እንዲጠራ ጠየቀ።

የዐረብኛው ሐረግ ከአማርኛው ይልቅ ለእንግሊዝኛው የቀረበ ነው። «ሐድ» ልክ እንደ ምንጩ «ስለታም» ማለት ነው፤ «ማኢ» ደግሞ ውኃን ከሚጠራው «ማእ» የወጣ ሲሆን የግእዙ «ማይ» ዘመድ ነው። ሐረጉ እንደ «አተት» አጥሮ አንድ ቃል አልሆነም፤ የመግለጫና የሪፖርት ቋንቋ እንደ ሆነ ቀረ። ልዩነቱ አስተማሪ ነው። አማርኛው አዲስ ቃል ፈጥሮ ሕዝቡ ፍርሃቱን በዚያ ቃል እንዲሸከም አደረገ። ዐረብኛው ግን ምትክ ቃል ስላልሰጠ ሁለት መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ኖሩ፤ ቢሮው «ኢስሃል» ሲል ከቢሮው ውጭ ያለው «ኮሌራ» ይላል። በባሕሪ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ሌላም መሰናክል ነበረበት። በዐረብኛ «ወባእ» ማለት ማንኛውም ወረርሽኝ ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን ቃሉ «ወባ»ን ይጠራል። አንዱ ተቅማጥን ስለሚያመጣ በሽታ ሲያስጠነቅቅ፣ ሌላው የወባ ትንኝን ሊያስብ ይችላል።

5. ስሙ የተመለሰበት ዓመት

2019 በሁለቱም አገሮች የመዞሪያ ዓመት ነው። በኢትዮጵያ በዓመቱ አጋማሽ የጤና ባለሥልጣናት በሽታውን ኮሌራ ብለው አሳወቁ። በሱዳን አል በሺር በአፕሪል ወደቁ፤ የአብደላ ሐምዶክ የሽግግር ካቢኔ በሴፕቴምበር 8 ቃለ መሐላ ፈጸመ። በዚያው ዕለት የጤና ሚኒስቴር በጥቁር አባይ ክፍለ ግዛት በኮሌራ የተጠረጠሩ ሰዎች መገኘታቸውን ለዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀ። አዲሱ የጤና ሚኒስትር አክረም አሊ አል ቶም በሽታውን በስሙ ጠሩት።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በጥቁር አባይና በሰናር 1.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የአፍ ክትባት ወሰዱ። ወረርሽኙ ከ400 በታች ታማሚዎች ላይ በዚያው ዓመት ተገታ። ለዚህ ስያሜው ብቻውን አበቃ ማለት አይቻልም፤ ወቅቱ፣ ቦታውና ቀድሞ መድረሱም ረድቷል። ክትባቱን ለመጠየቅ የሚያስችለው ደብዳቤ ግን ያለዚያ ቃል ሊጻፍ አይችልም ነበር።

6. ባሕሪ ከኤፕሪል 2023 በኋላ

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሥራቸውን ካቆሙት ተቋማት አንዱ የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ነበር። ከጣና የሚመጣው ወንዝ በከተማዋ ጥግ ሲፈስ፣ ነዋሪው ንጹሕ ውኃ አጣ። መውጣት የቻለው ወጣ። ብዙዎች በጋላባት አድርገው መተማ ገቡ፤ ከእነርሱም መካከል ዓመታትን በሱዳን የኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በዚያ ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ኮሌራ ታየ፤ ቀጥሎም ስደተኞች በተጠለሉበት በኩመር ጣቢያ። ድንበሩን ተሻግሮ ባለው በገዳሪፍ በሴፕቴምበር 2023 የሱዳን መንግሥት የኮሌራ ወረርሽኝ አወጀ። በኦገስት 2024ም አዲስ ማዕበል ተነሥቶ እንደገና ታወጀ። በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ለአንድ በሽታ አንድ ስም ተጠቀሙ። ከሰባት ዓመት በፊት ይህ ሊታሰብ አይችልም ነበር።

ስሙ መመለሱ ግን ውኃውን አልመለሰም። ባሕሪ በ2025 መጀመሪያ በሠራዊቱ እጅ ተመልሳ ገባች፤ ሰዉም መመለስ ጀመረ። በሜይ አጋማሽ በኡምዱርማን የኃይል ማመንጫዎች ላይ የድሮን ጥቃት ደረሰ፤ መብራት ሲጠፋ የውኃ ፓምፖች ቆሙ። በወሩ መጨረሻ የጤና ሚኒስቴሩ ባወጣው መግለጫ በአንድ ሳምንት ብቻ 2,729 ሰዎች ታመው 172 ሞተዋል፤ ከዘጠና በመቶ የማያንሱት በኸርጡም ክፍለ ግዛት ነበሩ። ተገቢውን ሕክምና በጊዜ ባገኙ ኮሌራ የያዛቸው ሰዎች ዘንድ ሞት ከመቶ አንድ በታች ሊሆን ይገባል። በዚያ ሳምንት ግን ከመቶ ስድስት አለፈ፤ ስሙ ሲደበቅ በነበረባቸው በ2016 እና 2018 መካከል ከነበረው ሁለት ከመቶ ያህልም እጅግ በለጠ።

ይህ ንጽጽር ሁለት ነገር ያስተምራል። ስያሜ ለክትትል የግድ አስፈላጊ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። በ2017 ቃሉ ጠፍቶ ጣቢያው ይሠራ ነበር፤ በ2025 ቃሉ ተገኝቶ ጣቢያው ቆሟል። ጦርነት ባለበት ቆጠራው ራሱ የጤና ባለሙያ የደረሰበትን ሰፈር ያህል ብቻ ነው። ያልተቆጠረው ሞት «ኢስሃል» በተባለበት ዘመን በቃል ተሸፍኖ ነበር፤ አሁን በግንባር መሥመር ተሸፍኗል።

7. ለቋንቋ ጥናት የሚቀረው

በ2016ም በ2019ም ወረርሽኙ ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዱ የጥቁር አባይ ክፍለ ግዛት መሆኑ ለአካባቢ ቋንቋዎች አጥኚ ልዩ ትርጉም አለው። በዚያ የሚነገሩት በርታና ጉሙዝ ከድንበሩ ማዶ በቤኒሻንጉል ጉሙዝም የሚነገሩ ናቸው። በኩርሙክ ያለ የበርታ ተናጋሪ ከአሶሳ በኩል «አተት»፣ ከደማዚን በኩል «ኢስሃል ማኢ ሐድ» ሊሰማ ይችል ነበር። ሁለቱም የሌላ ቋንቋ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ሌላ ሦስተኛ ቋንቋ ባወጣው ሐረግ ላይ የቆሙ ናቸው። የአንዱ ትርጉም ትውከትን ይጠይቃል፣ የሌላው አይጠይቅም። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ወንዝ፣ አንድ ባክቴሪያ፤ ነገር ግን ሁለት የማስጠንቀቂያ ቃል።

ስለዚህ ለቀጣዩ ማዕበል የሚዘጋጅ የቋንቋ ሥራ ከትርጉም መጀመር የለበትም። ተናጋሪው ለዚህ በሽታ፣ ለድርቀት፣ ለንጹሕና ለተበከለ ውኃ ምን ቃል እንዳለው አስቀድሞ መመዝገብ ይቀድማል፤ እንደ «ፈንግል» ያለ ጥንታዊ ቃል ትርጉሙን ለውጦ ወደ ሌላ ሊሄድ ስለሚችል፣ የዛሬው አጠቃቀም ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ሊመሳከር ይገባል። ከዚያም ማስጠንቀቂያው ከክትትል መመሪያው ጋር በቃል መመዘን አለበት፤ መመሪያው የማይጠይቀውን ምልክት የሚጨምር ስያሜ በሽተኛን ከቤት ያስቀራል። እንዲህ ያለው ሥራ ሰላም በሆነበት ወራት እንጂ በሽታው ከገባ በኋላ አይሠራም። በባሕሪና በመተማ መካከል ያለው መንገድ ሰውን፣ ቃልንና በሽታን እኩል ያመላልሳል፤ ሦስቱንም በስማቸው ማወቅ የመከታተል መጀመሪያ ነው።